ዝቅ ያለችው መኪና እና ከሥሯ የሚተኛው ልጅ

መኪና ዝቅ ማድረግ ያምራል ወይስ አያምርም? ይህ ክርክር በየከተማው አለ። ወጣቱ "ታምራለች" ይላል፤ አባቱ "በገንዘብ ችግር መግዛት ነው" ይላል፤ ጎረቤቱ መኪናዋ የፍጥነት መቀነሻ ላይ ስትፋቅ እየሰማ ይስቃል። ክርክሩ ግን ሁልጊዜ ከላይ ከላይ ነው፦ ስለ መልኳ፣ ስለ ድምፅዋ፣ ስለ ወጪዋ። ከሥር ያለውን ጥያቄ የሚያነሳ የለም። ያቺ መኪና ዘይቷ ሲቀየር፣ ፍሬኗ ሲታይ፣ ማርሚታዋ ሲበየድ በምን ትነሳለች? ከተነሳች በኋላስ ከሥሯ የሚገባው ማን ነው?

መልሱን ጋራዥ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። የሚገባው ባለቤቱ አይደለም። ብዙ ጊዜ ዋናው መካኒክም አይደለም። ካርቶን አንጥፎ በጀርባው የሚንሸራተተው ረዳቱ ነው፤ ሙያውን ሊለምድ የመጣ፣ አንዳንዴ ገና አሥራዎቹን ያልጨረሰ ልጅ።

መኪናን መለወጥ የባለቤቱ ምርጫ ሊሆን ይችላል። የለውጡን አደጋ ከሥር ለሚተኛው ሰው ማሸከም ግን የማንም መብት አይደለም። መኪናውን ዝቅ ያደረገ ሰው መኪናው በደህና የሚነሳበትን መንገድም አብሮ ማዘጋጀት አለበት። ጋራዡ ያለ መደገፊያ ማንንም ከሥር ማስገባት የለበትም። የዓመታዊ ምርመራ ባለሙያውም "ምን ተለወጠ?" ብሎ ማቆም የለበትም፤ "ከተለወጠ በኋላ በየት በኩል ይነሳል?" ብሎ መጨመር አለበት።

*ሰው መኪናውን ለምን ይለውጣል?*

በመጀመሪያ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። መኪናውን የሚያሳምር ወጣት ሁሉ ሥራ ፈት ወይም ጉረኛ አይደለም። መኪና በኢትዮጵያ እንደ ቤት የሚቆጠር ንብረት ነው። በበለጸጉ አገሮች 20 ዓመት የሞላት ቪትዝ ወይም ኮሮላ ብዙ ጊዜ ወደ ብረት መቅለጫ ትሄዳለች፤ እዚህ ግን ትታጠባለች፣ ቀለም ትቀባለች፣ ወንበሯ ይለበዳል፣ ዋጋዋም ይጨምራል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ ያለውን መኪና ይዞ መቆየት ይበልጥ የግድ ሆኗል። አዲስ መግዛት ያልቻለ ሰው ያለውን አዲስ ያስመስላል። ይህ ነውር የለውም።

የለውጡ ዓይነት ብዙ ነው። አንዱ የመኪናውን ሞላ በአጭር ሞላ ይቀይራል፤ ሌላው ገንዘብ ስለሚያጥረው ያለውን ሞላ ያስቆርጣል። የፊትና የኋላ ፓራውልት ሥር ከፋይበር ግላስ የተሠራ ከንፈር ይጨመራል፤ በጎንና በጎን ከበሩ ሥር እስከ መሬት የሚወርድ ቀሚስ ይገጠማል። ጎማው ሰፋ ያለ ቸርኬ ላይ ይገባል። በተቃራኒው ደግሞ የገጠር መንገድ የሚበዛበት ሰው መኪናዋን ከፍ ያስደርጋል፤ በሞላው መሃል ጎማ ያስገባል፤ ከሥር ኮፓዋን ድንጋይ እንዳይመታት የብረት ሽፋን ያስበይዳል፤ በጎን የብረት መወጣጫ ያስገጥማል። አንዱ ለውበት፣ አንዱ ለመንገዱ ሲል ያደረገው ቢሆንም ሁለቱም አንድ የጋራ ውጤት አላቸው፦ ፋብሪካው "መኪናዋን በዚህ በኩል አንሷት" ብሎ ያዘጋጀው ቦታ ይሸፈናል፣ ይለወጣል ወይም ክሪኩ አይደርስበትም።

*ሰሜን ሸዋ ላይ ከሥር መታየት የውዴታ ጉዳይ አይደለም*

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፋብሪካዎቿና ከኢንዱስትሪ ፓርኳ ጋር መኪናዋም በዝቷል። ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምሥራቅ የያዘ አሽከርካሪ ግን ብዙም ሳይቆይ የሚያገኘው ቁልቁለት ነው። ወደ ሰሜን የጣሊያኖች ሥራ የሆነው የጣርማ በር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አለ፤ ዋሻውን ያለፈ መኪና በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወርዳል። ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አንኮበር የደረሰ መኪና ደግሞ የደጋው ጫፍ ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወደ አልዩ አምባ የሚወስደው መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል።

እንዲህ ባለ አገር ፍሬን የሚታየው ለወግ አይደለም። የፍሬን ሸራ ያለቀበት፣ የፍሬን ዘይት የሚያንጠባጥብ፣ የመሪ እጅ የላላ መኪና ሜዳ ላይ ለጊዜው ይሄድ ይሆናል፤ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ግን ይቅር አይባልም። ዝቅ ያለች መኪና ደግሞ ከሌላው በበለጠ ከሥር መታየት ያስፈልጋታል። የፍሬን ቧንቧዋ መሬት ሊነካ ይችላል፤ ኮፓዋ ኮብልስቶን ላይ ይመታል፤ ጎማዋ ወደ ውስጥ ስለሚያጋድል በውስጥ በኩል ያልቃል፤ ያ ደግሞ ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታይም። በአጭሩ፣ ለመነሳት የምታስቸግረዋ መኪና ራሷ ናት ቶሎ ቶሎ መነሳት ያለባት።

"እዚህ ካልተቻለ አዲስ አበባ ወስዶ ማሠራት ነው" የሚል መልስ ቀድሞም ለሁሉም አይሠራም ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን ሲዘጋ ለኖረ ሰው ደግሞ ጭራሽ መልስ አይሆንም። መኪናው ያለው እዚሁ ነው፤ የሚሠራውም እዚሁ ጋራዥ፣ እዚሁ ልጅ እጅ ላይ ነው።

*ዝቅ ያለች መኪና ለመነሳት ለምን ታስቸግራለች?*

ችግሩን ለማያውቅ ሰው በቀላሉ ማስረዳት ይቻላል። ችግሩ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ክሪኩ አይገባም። በየጋራዡ ያለው ባለ መንኮራኩር የዘይት ክሪክ ሙሉ በሙሉ ወርዶም ቢሆን ከመሬት ወደ 13 ወይም 14 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። ፋብሪካ እንደሠራት ያለች ቪትዝ እንኳ ሆዷ ከመሬት ያለው ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ከዚያ ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር የተቀነሰ እንደሆነ፣ በተለይም ከፊት ከንፈር የተጨመረ እንደሆነ፣ ክሪኩ ከመኪናዋ አፍ ላይ ተጋጭቶ ይቆማል። ለእንዲህ ያለች መኪና ተብሎ የተሠራ፣ እስከ 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ክሪክ በዓለም ገበያ አለ፤ ተራ ጋራዥ ውስጥ ግን እምብዛም አይታይም።

ሁለተኛ፣ የማንሻው ቦታ ተሸፍኗል። ትናንሽ መኪኖች በየትም በኩል አይነሱም። ከበሩ ሥር፣ ከፊት ጎማው ጀርባና ከኋላ ጎማው ፊት፣ በጠርዙ ላይ ትንሽ ምልክት አለ፤ ላሜራው እዚያ ጋ ተደራርቦ ተጠናክሯል። በጎን የተገጠመው ቀሚስ ይህን ቦታ ይሸፍነዋል። ልጁ ቦታውን ሲያጣ ወይ ቀሚሱን ራሱን ይገፋል፣ ወይ በግምት ሌላ ቦታ ይይዛል። ፋይበር ግላስ የሰው እጅ የሚያህል ውፍረት ቢኖረው እንኳ መኪና ሊሸከም አልተሠራም፤ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ ባለቤቱ ይጮሃል። ካልተሰነጠቀ ደግሞ ይባስ ነው፤ ክሪኩ የያዘ መስሎ ቆይቶ ሰው ከሥር ከገባ በኋላ ይንሸራተታል።

ሦስተኛውን ብዙ ባለቤት አያውቀውም። ሞላ ሲቆረጥ የሚያጥረው መኪናዋ ቆማ ብቻ አይደለም። መኪናዋ ወደ ላይ ተነስታ ጎማዋ ሲንጠለጠል አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻ ይዘረጋል፤ ያጠረው ሞላ ግን ያን ያህል አይዘረጋም። ከመቀመጫው ይላቀቃል፣ ይዞራል፣ አንዳንዴም ይወጣል። መኪናዋ ስትወርድ ሞላው ተጣምሞ ከተቀመጠ መጀመሪያ የመጣው ጉድጓድ ላይ ይዘላል። ሞላው በእሳት ተሞቆ እንዲያጥር የተደረገ ከሆነ ደግሞ የብረቱ ጥንካሬ ጠፍቷል፤ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ የማንሳት ችግር የማንሳት ብቻ አይደለም፤ ከወረደች በኋላ መንገድ ላይ ይከተላል።

*ጋራዡ ምን ያደርጋል?*

ጋራዡ "አልችልም" አይልም። "አልችልም" ያለ ጋራዥ ደንበኛው ወደ ቀጣዩ ይሄድበታል። ስለዚህ ይፈጥራል። ሁለት ልጆች መኪናዋን በትከሻቸው ከፍ ያደርጓታል፣ ሦስተኛው ክሪኩን ያስገባል። ወይም አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ እንዲወጣ ይደረግና በተገኘው ክፍተት ክሪክ ይገባል። ከተነሳች በኋላ ብሎኬት ይደረደራል፣ ከብሎኬቱ ላይ የእንጨት ቁራጭ ይገባል፣ ከጎን ትርፍ ጎማ ይጣላል። ከዚያ "ግባ" ይባላል። ልጁም ይገባል።

ይህ ብልሃት ነው፤ የሚናቅ አይደለም። የኢትዮጵያ መካኒክ በሌለ ዕቃ መኪና አስነስቶ ያደረ ባለሙያ ነው። የሙያው ቋንቋ ራሱ ይመሰክራል፦ ክሪክ፣ ሞላ፣ ኮፓ፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ። ከጣሊያን የቀሩ ቃላት ናቸው፤ በመጽሐፍ ሳይሆን በጆሮ፣ ከመኪና ሥር ተኝቶ ቁልፍ በማቀበል ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲተላለፉ ዛሬ ደርሰዋል። ሙያው እንዲህ ነው የኖረው። ችግሩ፣ አብሮ የተላለፈው የመሥራቱ ጥበብ ሲሆን የመጠንቀቁ ልማድ ግን ያን ያህል አልተላለፈም። ልጁ የፍሬን ሸራ እንዴት እንደሚቀየር ይነገረዋል፤ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር እንደማይገባ ግን የሚነግረው ላይኖር ይችላል።

ይህ ሕግ ደግሞ ቀላል ነው፤ በዓለም ያለ መካኒክ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ክሪክ ማንሻ ነው፤ መያዣ አይደለም። የዘይት ክሪክ መኪናዋን የሚይዛት በውስጡ ባለው ዘይትና ዘይቱን በሚከትር ትንሽ ጎማ ነው። ያ ጎማ ባለቀ ሰዓት ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ብሎኬትም እንደዚሁ ነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ ግድግዳ ላይ በእኩል ሲጫነው ይችላል፣ በአንድ ነጥብ ሲጫነው ግን ሳይሰነጠቅ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ቀላሏ ቪትዝ አንድ ቶን ያህል ትመዝናለች። ከሥሯ ያለው ልጅ ለመሸሽ ጊዜ የለውም።

*ወጪው የማን ነው?*

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከውበት ወጥቶ የፍትሕ ጉዳይ የሚሆነው። ለሞላው፣ ለቀሚሱ፣ ለቸርኬው ገንዘብ ተከፍሏል። ሞላ ቆራጩ ተከፍሎታል፣ ፋይበር የሠራው ተከፍሎታል፣ ቀለም ቀቢው ተከፍሎታል። መኪናዋን ለማንሳት ለተጨመረው አደጋ ግን ማንም ምንም አልከፈለም። የዘይት መቀየሪያ ዋጋ ዝቅ ላለችውም ላላለችውም አንድ ነው። ልዩነቱን የሚከፍለው ረዳቱ ነው፤ የሚከፍለውም በደረቱ ነው።

ሕጉ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት ይላል። ያው አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውንም አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራትን ይከለክላል። ከተነሳ መኪና ሥር መተኛት አደገኛ ካልሆነ ምን አደገኛ ሊሆን ነው? ግን በብዙ ጋራዥ ልጁ በወረቀት ሠራተኛ አይደለም። ደመወዝ ሳይሆን የምሳና የታክሲ ይሰጠዋል፤ "ሙያ ልልመድ ብሎ የመጣ" ይባላል። ቢጎዳ "አደጋ ነው፣ ምን ይደረጋል" ተብሎ ለሐኪም ቤት ይዋጣል፤ ጉዳዩም እዚያው ያልቃል።

ለዚህ ደግሞ ባለቤቱ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም፤ ንጹሕም አይደለም። "ቶሎ በል ወንድሜ፣ መንገድ አለብኝ" የሚለው እሱ ነው። ቀሚሱ ይፈታ ሲባል "አይ፣ እንዳለ አንሷት፣ ቀለሙ ይላጣል" የሚለውም እሱ ነው። ቀሚሱን ከልጁ ደረት አስበልጦ ያየው ሆን ብሎ አይደለም፤ ከሥር ያለውን ስላላየ ነው።

*"እንግዲያው ይከልከል!"*

ይህን ያነበበ አንድ ሰው "ታዲያ መኪና ዝቅ ማድረግን ጨርሶ መከልከል ነው" ሊል ይችላል። አይበጅም። የተከለከለ ነገር ወደ ጓሮ ይገባል እንጂ አይጠፋም። ሞላው ማታ ተቆርጦ፣ ለምርመራ ሲቀርብ ተውሶ በመጣ ሞላ ተተክቶ፣ ቦሎ ከተለጠፈ በኋላ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በሦስቱም ጊዜ መኪናዋ ትነሳለች፤ በሦስቱም ጊዜ ከሥር ሰው ይገባል።

ሌሎች አገሮች የሄዱበት መንገድ ይህ አይደለም። እነዚህ ቪትዝና ኮሮላዎች የመጡባት ጃፓን መኪና መለወጥን አልከለከለችም፤ ነገር ግን የመኪናው ሆድ ከመሬት 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካላለ ምርመራውን አያልፍም። ጀርመን ውስጥ አጭር ሞላ ማስገጠም ይቻላል፤ ግን ሞላው የተመሰከረለት መሆን አለበት፣ እንደ ዓይነቱም በባለሙያ ተመርምሮ በመኪናው ሰነድ ላይ ይጻፋል። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፦ ለውጠው፣ ግን የለወጥከው ይለካ፣ ይታወቅ፣ ይጻፍ።

ኢትዮጵያም መነሻው አላት። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ወጥቷል፤ ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል፣ ቦሎ ይለጠፍበታል፣ ሊብሬ አለው። አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በምርመራው ላይ አንዲት ጥያቄ መጨመር ነው፦ ሞላው ወይም አካሉ የተለወጠ መኪና አራቱ የማንሻ ቦታዎቹ የታሉ? ይታያሉ? ክሪክ ይደርስባቸዋል? ይህን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሜትርና ዓይን ይበቃል።

ሌላው ተቃውሞ ከጋራዡ በኩል ይመጣል፦ "ድሀ ነን፣ ሊፍት ከየት እናምጣ?" እውነት ነው፤ መኪና የሚያነሳ ሊፍት ውድ ነው፣ መብራትም ይፈልጋል። ግን በሊፍትና በብሎኬት መካከል ብዙ ነገር አለ። ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ ሊፍት አይደለም፤ ከክሪክ ጋር አብሮ የሚሸጥ፣ አንዴ ተገዝቶ ዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ነው። ሥራው ከሥር ብቻ ሆኖ ጎማ መንቀል የማይፈልግ ከሆነ በድንጋይና በሲሚንቶ በሚገባ የተሠራ ጉድጓድ ይበቃል፤ ዝቅ ያለች መኪና ቀስ ብላ ከገባችበት ክሪክ ሳይነካት ዘይቷ ይቀየራል። ጉድጓዱ ግን የቤንዚን ትነት ወርዶ የሚጠራቀምበት ስለሆነ አየር ማስገቢያ ሊኖረው፣ ከአጠገቡም እሳትና ብየዳ ሊርቅ ይገባል።

*እንዴት ትነሳ?*

ነገሩ በምክር ብቻ እንዳይቀር፣ ዛሬ ማታ በየትኛውም ጋራዥ ሊጀመር የሚችለው ሥርዓት ይህ ነው።

▪️ መኪናዋ ደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ ትቁም። የማትነሳው ጫፍ ጎማ በፊትም በኋላም ታኮ ይደረግበት። የጭነት መኪና ረዳት ዳገት ላይ ሳይዘነጋ የሚያደርገውን ታኮ የጋራዥ ረዳት ሜዳ ላይ ሊዘነጋው አይገባም።

▪️ ክሪክ ካልገባ መኪናዋን በትከሻ አታንሱ። አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሰፋፊ ሳንቃዎች ከጎማዎቹ ፊት ይቀመጡና መኪናዋ በራሷ ሞተር ቀስ ብላ ትውጣባቸው። በዚያች አምስት ሴንቲ ሜትር ክሪኩ ይገባል።

▪️ ቀሚሱ የማንሻውን ቦታ ከሸፈነ ይፈታ። ለመፍታት የሚፈጀው ሰዓት በዋጋ ላይ ይጨመር፤ ባለቤቱም ይክፈል።

▪️ በክሪኩ ራስና በላሜራው ጠርዝ መካከል መሃሉ የተቦረቦረ ጎማ ይግባ። ይህን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም፤ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ የሚሠራ ባለሙያ ባለበት አገር ማንም ሊቆርጠው ይችላል።

▪️ መኪናዋ እንደተነሳች በሁለቱም በኩል የብረት መደገፊያ ይግባ፣ ክብደቷም ሙሉ በሙሉ እሱ ላይ ይረፍ። ሰው ከመግባቱ በፊት በእጅ ተገፍታ ትፈተን። የተነቀለ ጎማ ካለ ከጎኗ ሥር ይተኛ፤ ሁሉም ቢከዳ እሱ ክፍተት ያስቀራል።

▪️ ሞላዋ የተቆረጠ ከሆነ ከመውረዷ በፊት ሞላው መቀመጫው ላይ በትክክል መግባቱ በዓይን ይታይ።

ባለቤት የሆነ ሰው ደግሞ ገና ቀሚሱን ሲያሠራ አንድ ነገር ብቻ ይበል፦ "በአራቱ የማንሻ ቦታዎች ላይ ክፍት ተውልኝ።" የመዳፍ ስፋት ያላት ክፍተት ውበቷን አትቀንስም፤ ከሩቅም አትታይም። ፋይበር የሚሠራው ባለሙያም ይህን ሳይጠየቅ የሚያደርገው ልማድ ቢያደርገው የሥራው ጥራት መለያ ይሆንለታል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

*ነገሩ የጥቂት ወጣቶች ብቻ መሆኑ እያበቃ ነው*

"ይህ ሁሉ ለጥቂት የተጌጡ መኪኖች?" ለሚል መልስ አለ። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ የሚገባው መኪና የኤሌክትሪክ ሆኗል። የአዲስ አበባ ጎዳና የያዙት ቢዋይዲዎችና ቮልስዋገን አይዲዎች ባትሪያቸው ወለላቸው ሥር ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ትልልቆቹ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናሉ። ሆዳቸው ላይ በዘፈቀደ ክሪክ ያሳረፈ ሰው የሚጫነው ላሜራ አይደለም፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የያዘ፣ የመኪናውን ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚወስድ ባትሪ ነው። የማንሻ ቦታቸው ጥቂትና የተወሰነ ነው። ያን ቦታ ሳያውቁ ማንሳት ለባለቤቱ ኪሳራ፣ ለልጁ ደግሞ የእሳትና የመብራት አደጋ ነው።

እነዚህ መኪኖች ደብረ ብርሃን መድረሳቸው አይቀርም፤ ተሸጠው፣ ተለዋውጠው፣ አርጅተው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ዛሬ ዝቅ ባለች ኮሮላ ላይ "በየት በኩል ትነሳለች?" ብሎ መጠየቅ የለመደ ጋራዥ ነገም ይጠይቃል። በብሎኬትና በግምት የለመደው ደግሞ በለመደው ይቀጥላል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም የአውቶ መካኒክ ተማሪን የመጀመሪያ ቀን ሞተር ከማስፈታታቸው በፊት መኪና ማንሳትና መደገፍ ቢያስተምሩት፣ ሰፈር ጋራዥ ያሉትንም ልጆች ለሁለትና ለሦስት ቀን ጠርተው ይህንኑ ቢያሳዩዋቸው፣ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ሰው ያተርፋሉ።

መኪናውን ያሳመረ ሰው ደስ ይበለው። ያማረ ነገር መውደድ ኃጢአት አይደለም። ግን በሚቀጥለው ጊዜ ጋራዥ ሲሄድ ስልኩን እየነካካ ዳር ከመቆም ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሥር ይመልከት፦ ምን ይዟታል? ክሪክ ብቻ ከሆነ፣ ብሎኬት ከሆነ፣ "ልጁ ይውጣ፣ መደገፊያ ይግባ፣ እጠብቃለሁ" ይበል። ሥራው በሩብ ሰዓት ይዘገይ ይሆናል። ከዚያ ልጅ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ሰዓት ምንም አይደለም።